ከማርና ከፈትል እስከ ናኖ ክር፦ የቁስል መሸፈኛ ታሪክ

ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነስቶ የጣርማ በርን ዋሻ ያለፈ መንገደኛ ደብረ ሲናን ቁልቁል ወርዶ ቀወት ወረዳ ሲገባ ጋቢውን አውልቆ ነው። በዚያ የምትገኘው ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች የቆላ ከተማ ናት። ዙሪያዋ ማሽላ፣ ጤፍ፣ ማሾና ሽንኩርት የሚበቅልበት የይፋት ሜዳ ነው። እህሉን ቶሎ የሚያደርሰው ሙቀት ግን ለቁስለኛ ጠላት ነው። ማጭድ የቆረጠው ጣት፣ የግራር እሾህ የወጋው ተረከዝ፣ የምድጃ እሳት የላሰው የሕፃን ክንድ ላብ፣ አቧራና ዝንብ ይረባረቡበታል፤ ትናንት ጭረት የነበረው በሳምንቱ መግል ይዞ ይገኛል።

ቁስልን በምን እንሸፍነው የሚለው ጥያቄ እዚህ አገር ረጅም ዕድሜ አለው። ማርን ሁሉም ያውቃል፤ ፋሻን ሁሉም አይቷል፤ ናኖ የሚባል ነገር መኖሩንም ብዙዎች ሰምተዋል። ሦስቱ የአንድ ታሪክ ምዕራፎች መሆናቸው ግን እምብዛም አይነገርም። ታሪኩን ከመነሻው ስንከተለው ሰው ቁስሉን ከዓይንና ከአቧራ ከመጋረድ ተነስቶ፣ ቁስሉ ራሱን እንዲያድን ወደማገዝ እንዴት እንደተሻገረ እናያለን።

ማር፣ ክርቤና ጥጥ፦ እስከ 1830ዎቹ ዓ.ም.

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 አካባቢ የተጻፉ የግብፅ የሕክምና ጥቅሎች ለቁስል ማር፣ ስብና የተክል ቃጫ ያዝዛሉ። በኢትዮጵያም ማርና ቅቤ፣ የእሬት ዝልግልግና የብሳና ቅጠል በየቤቱ የሚታወቁ የቁስል መድኃኒቶች ሆነው ኖረዋል። ማር የሚሠራበት ምክንያት ዛሬ ግልጽ ነው። ውሃው ጥቂት፣ ስኳሩ ብዙ ስለሆነ ከባክቴሪያው አካል ውስጥ እርጥበትን ይመጥጣል፤ አሲድነት አለው፤ በቁስሉ ፈሳሽ ሲቀጥን ደግሞ ንቦች የጨመሩበት ኢንዛይም ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ቀስ በቀስ ያመነጫል። ያለ ላቦራቶሪ በልምድ የተደረሰበት ዕውቀት ትክክለኛ ነበር።

ይፋት በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሷ ቦታ ነበራት። ከ13ኛው እስከ 15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የቆየው የይፋት ሡልጣኔት ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣውን የንግድ መንገድ ይዞ ነበር። በሸዋ ሮቢት አካባቢ የሚገኙት የኖራ መስጊድና የከተማው ፍርስራሾች የዚያ ዘመን ምስክሮች ናቸው። በመንገዱ ጨው፣ ሙጫና ጨርቅ ይተላለፍ ነበር። ደረቁ ቆላ ክርቤ የሚፈስባቸው ዛፎች አገር ነው፤ ክርቤ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ቁስል እንዳይመግል ሲቀባ የኖረ ሙጫ ነው። በአካባቢው የሚኖሩት አርጎባዎች በሽመና የታወቁ ሕዝብ ናቸው። በእንዝርት የተፈተለው ጥጥ ልብስ ሆኖ አገልግሎ ሲያረጅ ለቁስል መጠቅለያ ይቀደዳል።

የተሰበረውን የሚያስሩት፣ ጥይትና ጦር የሚነቅሉት ወጌሾች ነበሩ። ደም አልቆም ሲል በጋለ ብረት ይተኩሳሉ። እጃቸው የሠለጠነ ነበር፤ ነገር ግን በዓይን የማይታየውን ጠላት የሚያውቅ በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ማንም አልነበረም። ያው ለስላሳ ቅቤ፣ ያው አሮጌ ጨርቅ፣ ሕመም ያስታግሳል ተብሎ ሲደረግ መንጋጋ ቆልፍንና ሌላ ልክፍትን ይዞ ሊገባ ይችል ነበር።

የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ለመድኃኒት የነበራቸው ጉጉት ታላቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 በሻምበል ኮርንዎሊስ ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን የአፋርን በረሃ አቋርጦ በይፋት በኩል አንኮበር ሲደርስ ከአባላቱ አንዱ ሐኪሙ ሩፐርት ከርክ ነበር። እንግዶቹ ከጠመንጃቸው ባልተናነሰ በመድኃኒት ሣጥናቸው ይፈለጉ ነበር። ይሁን እንጂ የሣጥኑ ሳይንስም ገና ለጋ ነበር፤ በዚያን ዘመን የለንደን ሆስፒታል ቀዶ ጥገና ሐኪምም እጁን ሳይታጠብ ከቁስል ወደ ቁስል ይሄድ ነበር።

ከማይታየው ጠላት ጋር፦ 1859–1902 ዓ.ም.

የመጀመሪያው ትልቅ መታጠፊያ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1867 ነው። ጆሴፍ ሊስተር የተባለው ቀዶ ጥገና ሐኪም ቁስልን የሚያመረቅዘው ከአየርና ከእጅ የሚመጣ ሕይወት ያለው ነገር ነው ብሎ፣ በካርቦሊክ አሲድ የተነከረ ጨርቅ በቁስል ላይ ማድረጉን ጽፎ አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1880 ደግሞ ጆሴፍ ጋምጂ ቅባቱ የወጣለትን ጥጥ በሁለት ስስ ጎዝ መካከል አድርጎ ፈሳሽን የሚመጥ መሸፈኛ ሠራ። ዛሬ በየጤና ጣቢያው የምናየው ነጭ ጥጥና ጎዝ የዚያ ዘመን ልጅ ነው።

ለኢትዮጵያ ይህ ዕውቀት የደረሰው በጦርነት ማግስት ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ድል ሲገኝ በሺዎች የሚቆጠሩ ቁስለኞች ከሜዳው ተነስተው ወደየአገራቸው ረጅሙን ጉዞ ጀመሩ። በዚያው ዓመት በጄኔራል ሽቬዶቭ የሚመራ የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን በሐረር በኩል አዲስ አበባ ገብቶ ቁስለኞችን ማከም ያዘ። ሥራው ሥር ሰዶ ሩሲያውያኑ ለዓመታት የቆየ ሆስፒታል አቆሙ፤ ኋላም የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተከተለ። ከመቅደላ በልጅነታቸው ተወስደው በላሆር ሕክምና የተማሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም በዚሁ ዘመን ወደ አገራቸው ተመልሰው አገልግለዋል። የተቀቀለ መሣሪያ፣ የታጠበ እጅና ንጹሕ ፋሻ ኢትዮጵያ ውስጥ ቦታ ያዙ።

በዚሁ ጊዜ ማንም ከቁስል ጋር ያላገናኘው አንድ ነገር በአሜሪካ ተከናወነ። እ.ኤ.አ. በ1902 ኩሊና ሞርተን የተባሉ ሁለት ሰዎች ፈሳሽን በኤሌክትሪክ ኃይል ስቦ ወደ ቀጭን ክር ለመለወጥ የሚያስችል ዘዴ እየራሳቸው የፈጠራ መብት አስመዘገቡ። በኤሌክትሪክ የተሞላ ነገር የውሃ ጠብታን ወደ ሾጣጣ እንደሚስብ እንግሊዛዊው ዊልያም ጊልበርት ከ300 ዓመት በፊት አስተውሎት ነበር። ዘዴው ግን ገበያ ሳያገኝ መዝገብ ላይ ቀረ።

የጋዝ ዘመን፦ 1927–1933 ዓ.ም.

ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ተመሠረተ። የኢጣሊያ ወረራ ደጅ ላይ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ልዕልት ፀሐይ ሴቶችን አስተባብረው ለዘማቹ ፋሻና የጋዝ መከላከያ ጭንብል ያሠሩ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በኅዳር 1928 በጣርማ በር በኩል ወደ ደሴ ዘለቁ። ኅዳር 26 ቀን ደሴ በአውሮፕላን ስትደበደብ ቦምቡ ለሆስፒታሉም አልራራም። በታኅሣሥ በደቡብ ግንባር የስዊድን ቀይ መስቀል፣ በየካቲት ደግሞ ቆቦና ኮረም አካባቢ የነበረው የዶክተር ጆን ሜሊ የእንግሊዝ አምቡላንስ ተደበደቡ።

ኢጣሊያ የረጨችው የሰናፍጭ ጋዝ ያመጣው ቁስል ወጌሻ ፈጽሞ የማያውቀው፣ ሐኪሙንም የሚያስቸግር ዓይነት ነበር። በባዶ እግሩ የሚዘምተው ገበሬ ቅባት መሰሉን ጠል ረግጦ ያልፋል፤ ከሰዓታት በኋላ ቆዳው እየተነፋ ይላጣል፤ እግሩ፣ እጁ፣ ፊቱ በአንድ ጊዜ ክፍት ቁስል ይሆናል። የቀይ መስቀል ልዑካን ሲያክሙ በእጃቸው የነበረው በአብዛኛው ጎዝና ቅባት ነበር። ጎዙ በተላጠ ሥጋ ላይ ይደርቅና ሲነሳ አብሮ ያነሳዋል። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ከገባ በኋላም በሸዋ ዱር የቀሩት አርበኞች በስውር በሚደርሳቸው ፋሻና መድኃኒት፣ ባጡም ጊዜ በማርና በቅጠል ተዳኑ። እንደ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉ ጀግኖች ከጠላት ጉያ ስንቅና መድኃኒት እያወጡ ይልኩላቸው ነበር።

የመርዝ ጋዝ ፍርሃት በሌላ አገር ሌላ ነገር ወለደ። እ.ኤ.አ. በ1938 ሞስኮ ውስጥ በካርፖቭ ተቋም ይሠሩ የነበሩት ፔትርያኖቭ-ሶኮሎቭና ሮዘንብሉም ለጋዝ ጭንብል ማጣሪያ የሚሆን እጅግ ቀጭን ክር በኤሌክትሪክ ኃይል መፍተል ቻሉ። በዓመቱ በትቬር ከተማ ፋብሪካ ተከፈተለት። አየር የሚያሳልፍ፣ ጭስና ብናኝ የሚያስቀር ጨርቅ ነበር። ይህ ባሕርይ ለቁስል ምን ያህል እንደሚስማማ ግን ሳይታይ ጉዳዩ በወታደራዊ ምሥጢር ተሸፍኖ ለአሥርት ዓመታት ቆየ።

እርጥበት ወዳጅ ሲሆን፦ 1947–1962 ዓ.ም.

ከነጻነት በኋላ ፔኒሲሊን መጣ። ያኔ በዓለም ሁሉ የተፈጠረው ስሜት የልክፍት ነገር አለቀለት የሚል ነበር። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችንና ነርሶችን እያሠለጠነ ወደየወረዳው ላከ። ቁስል ማጠብ፣ አዮዲን መቀባትና ጎዝ ማድረግ የጤና ጣቢያ የዕለት ሥራ ሆነ። ቀጥሎም በኤዲንብራ የተማሩት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ የመጀመሪያው ዘመናዊ ኢትዮጵያዊ ቀዶ ጥገና ሐኪም ሆነው በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ትውልድ አስተማሩ። ከቀወት ጽኑ ቁስለኛ በሚላክባት በደብረ ብርሃን ያለው የዩኒቨርሲቲው የጤና ሳይንስ ግቢ ዛሬ በእርሳቸው ስም ይጠራል።

ሁለተኛው ትልቅ መታጠፊያ እ.ኤ.አ. በ1962 ሆነ። እስከዚያ ድረስ ሐኪሙም እናቱም የሚስማሙበት አንድ ነገር ነበር፦ ቁስል ይድረቅ። ጆርጅ ዊንተር የተባለ ተመራማሪ በአሳማዎች ቆዳ ላይ እኩል ስስ ቁስሎችን አበጅቶ ግማሾቹን ለአየር ተዋቸው፣ ግማሾቹን በስስ ፕላስቲክ ሸፈናቸው። እርጥበታቸው የተጠበቀው በእጥፍ ገደማ ፍጥነት አዲስ ቆዳ አበቀሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ደረቅ ቅርፊት የያዘ ቁስል ላይ አዲሶቹ ሴሎች ከቅርፊቱ በታች እየቦረቦሩ መሻገር አለባቸው፤ እርጥብ ቁስል ላይ ግን እየተንሸራተቱ ያልፋሉ። ከዚህ በኋላ ጥያቄው ተለወጠ። መሸፈኛው እርጥበቱን ይዞ፣ የተረፈውን ፈሳሽ መጥጦ፣ አየር እያሳለፈ ባክቴሪያን ሊከለክል ይገባዋል፤ እነዚህን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያሟላ ጨርቅ ደግሞ አልነበረም።

በኢትዮጵያ የማይድን ቁስል ነገር ጎልቶ የታየው በሥጋ ደዌ ታማሚዎች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የሥጋ ደዌ ሕክምና ማሠልጠኛው አለርት አዲስ አበባ ውስጥ ሲቋቋም ከመላው አፍሪካ የሚመጡ ባለሙያዎች የሚማሩበት ማዕከል ሆነ። በ1962 ዓ.ም. የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ከጎኑ ቆመ። በሕንድ የሠራው ሐኪም ፖል ብራንድ ያረጋገጠው ነገር እዚህም ትምህርት ሆነ፦ የታማሚውን እግር የሚበላው በሽታው ብቻ አይደለም፤ ሕመም የማይሰማው እግር ሳያውቀው ደጋግሞ መቁሰሉ ነው። ዛሬ በስኳር ሕመምተኞች እግር ላይ የሚታየው ቁስል በዚሁ መንገድ የሚሄድ ነው።

በዚያው አሥርት ዓመት ለኋላው ታሪክ የሚሆን ሌላ ዘር ተዘራ። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተከፈተ፤ ከሚያስተምራቸው ሙያዎች አንዱ የጨርቃ ጨርቅ ቴክኖሎጂ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ደግሞ የፊዚክስ ሊቁ ጄፍሪ ቴይለር በኤሌክትሪክ የተሳበ ጠብታ ለምን ሾጣጣ እንደሚሆን በሒሳብ አስረዳ። በኤሌክትሪክ ክር የመፍተሉ ዘዴ መልሶ ሊነሳ መሠረት አገኘ።

ናኖ ክር ወደ ቁስል ሲመጣ፦ 1987–2010 ዓ.ም.

እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ የአክሮን ዩኒቨርሲቲ ዳሬል ሬኔከር ከዶሺ ጋር ሆኖ በኤሌክትሪክ የመፍተሉን ዘዴ ለሲቪል ሳይንስ አስተዋወቀ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላቦራቶሪዎች እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ።

አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። አንድ ሲሪንጅ ውስጥ ማር የመሰለ ወፍራም ፈሳሽ አለ፤ ውስጡ በአልኮል ወይም በሌላ ማሟሟያ የሟሟ ፖሊመር ነው። ከመርፌው ጫፍ ሸርተት ብሎ የሚወጣው ጠብታ ላይ ከ10 እስከ 30 ሺህ ቮልት ይለቀቅበታል። ጠብታው ክብነቱን ትቶ ይሾላል፤ ከሾሉ ላይ በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ጅረት ይወነጨፋል፤ በአየር ላይ እየተገረፈና እየተሽከረከረ ሲሄድ ማሟሟያው ይተናል፤ የተረፈው ክር አሥር ወይም አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ርቆ ባለው ብረት ላይ እየተደራረበ ያርፋል። ከደቂቃዎች በኋላ ብረቱ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ሽፋን ይታያል፤ በሰዓታት ውስጥ ተልጦ የሚነሳ ስስ ጨርቅ ይሆናል። አንዱ ክር ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 800 ናኖ ሜትር ነው። የሰው ጠጉር ወደ 80,000 ናኖ ሜትር ይደርሳል።

ይህ ቅጥነት ለቁስል ሦስት ነገር ያስገኛል። አንደኛ፣ በክሮቹ መካከል ያለው ቀዳዳ አየርና እንፋሎት ያሳልፋል፣ ለባክቴሪያ ግን ጠባብ ነው፤ ዊንተር የፈለገውን እርጥበት ይይዛል። ሁለተኛ፣ ጤነኛ ቆዳ ውስጥ ሴሎች የሚያርፉበት የኮላጅን መረብ በመጠኑ ከዚህ ጋር ይቀራረባል፤ ስለዚህ አዲሶቹ ሴሎች ጨርቁን እንደ ቤታቸው ይይዙትና ይሞሉበታል። እ.ኤ.አ. በ2002 የቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኮላጅንን ራሱን በዚህ ዘዴ መፍተል ችለዋል። ሦስተኛ፣ ፈሳሹ ውስጥ ብር፣ አንቲባዮቲክ፣ ኪቶሳን ወይም ማር ቢጨመር ክሩ መድኃኒቱን ይዞ ቁስሉ ላይ ቀስ በቀስ ይለቀዋል። የቆየው ማር በአዲስ አካል ተመለሰ ማለት ነው።

ሦስተኛው ባሕርይ በዚህ ዘመን ልዩ ክብደት ያገኘው ፔኒሲሊን የሰጠው ተስፋ እየሟሸሸ በመሄዱ ነው። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ጭምር ከቁስል የሚገኙ እንደ ስታፊሎኮከስና ስዩዶሞናስ ያሉ ባክቴሪያዎች ለብዙ መድኃኒት እጅ አልሰጥ ብለዋል። መድኃኒትን በደም ሳይሆን በቁስሉ ላይ፣ በጥቂቱና ለቀናት ማድረስ ከዚህ ትግል አንዱ መንገድ ነው።

ፋብሪካም ተከተለ። በቼክ ሪፐብሊክ የሊበሬትስ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ኦልድሪች ይርሳክ ያለ መርፌ ከሚሽከረከር ሲሊንደር ላይ ክር የሚፈትል መሣሪያ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሬስትራታ የተባለውን በዚህ ዘዴ የተሠራ የቁስል መሸፈኛ ለገበያ ፈቀደ። ሆኖም ከሚታተሙት ጥናቶች አብዛኞቹ ገና በላቦራቶሪና በእንስሳት ላይ የቆሙ ናቸው፤ ገበያ የወጡትም ዋጋቸው የጤና ጣቢያ በጀት የሚደርስበት አይደለም።

ከላቦራቶሪ ወደ ጤና ኬላ፦ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ

በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ደረሰ። በጥቂት ቀናት ውስጥ የይፋት መንገድ ቁስለኛና ተፈናቃይ የሚጎርፍበት ሆነ፤ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው ደብረ ብርሃን የብዙዎች መጠጊያ ነበር። በአማራ ክልል ብዙ የጤና ተቋማት ተጎዱ፣ ተዘረፉም። ጎዝና የጨው ውሃ የጠፋበት ቦታ ስለ ናኖ ክር ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን የማየው በተቃራኒው ነው።

የተቃጠለ ሕፃን በየቀኑ ፋሻው ሲቀየርለት የሚሆነውን ነርሶች ያውቁታል። የደረቀውን ጎዝ በጨው ውሃ ያርሱታል፤ ቀስ ብለው ከጠርዙ ይስቡታል፤ ልጁ ይጮኻል፤ ጎዙ ሲለቅ ከሥሩ ሮዝ መልክ ያለው አዲስ ቆዳ ተቀድዶ ደም ያንጠባጥባል። ትናንት የበቀለው ዛሬ ይነቀላል። ለቀናት ሳይነሳ የሚቆይ፣ ሥጋ ላይ የማይጣበቅ መሸፈኛ የሚጠቅመው ከሁሉ በፊት ሐኪም ሩቅ ለሆነበት፣ በየቀኑ ወደ ጤና ጣቢያ ለመመላለስ የትራንስፖርት ገንዘብና የሥራ ቀን ለሚያጣ ገበሬ ነው።

አቅሙስ? የባሕር ዳሩ ፖሊቴክኒክ ዘር ዛሬ የኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኗል፤ እዚያ ባክቴሪያን በሚከላከሉ ጨርቆችና በናኖ ክር ላይ ምርምር ይካሄዳል። አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ለናኖ ቴክኖሎጂ የልህቀት ማዕከል አለው። የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ክፍል፣ አለርት የረጅም ዘመን የቁስል ልምድ፣ ከደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የሥጋ ደዌና የቁንጭር ሕክምና ዕውቀት አላቸው። የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካና የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ይፋትን በግራና በቀኝ ይዘዋት ቆመዋል። ማሩ፣ እሬቱና ክርቤውም አልጠፉም።

የጠፋው ማያያዣው ነው። በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ባክቴሪያ የገደለ ጨርቅ ወደ ታማሚ ለመድረስ ከጀርም በጸዳ ክፍል መመረት፣ በጨረር ወይም በጋዝ መምከን፣ በሰው ላይ በሥነ ምግባር መሞከር፣ ከኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ማግኘት አለበት። ይህ የአንድ ተመራማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሸከመው ሥራ አይደለም፤ የጨርቃ ጨርቅ መሐንዲሱን፣ የቃጠሎ ሐኪሙን፣ ፋብሪካውንና ተቆጣጣሪውን በአንድ ጠረጴዛ የሚያስቀምጥ ገንዘብና ውሳኔ ይፈልጋል።

እስከዚያው ድረስ የሚደረገው አይጠፋም። ቁስልን በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት፣ በእርጥበት የሚጠበቅ ጎዝ፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የቁስል ሥልጠና፤ እነዚህ ዛሬ በእጅ ያሉ ሕይወት አዳኞች ናቸው። ናኖ ክሩ የሚመጣው በእነዚህ ላይ ነው፤ እነርሱን አይተካም።

ከሊስተር እስከ ዊንተር፣ ከዐድዋ ሜዳ እስከ አለርት፣ በዚህ ታሪክ ትልልቆቹ መታጠፊያዎች የመጡት አንድ ሰው ቁስለኛው ጎን ቆሞ ጨርቁ ምን እያደረገ እንደሆነ ሲጠይቅ ነው። ስለዚህ የሚቀጥለው ምዕራፍ የአገር ውስጥ ናኖ ክር ሙከራ ከሆነ፣ መመዘኛውን ከሚያወጡት መካከል የቀወት ነርሶች ይኑሩበት። በ35 ዲግሪ ሙቀት ሳይበላሽ መጋዘን ይቆያል ወይ? ላብና አቧራ ይችላል ወይ? ለስንት ቀን ሳይቀየር ያገለግላል? ዋጋውስ ከጎዝ በስንት ይበልጣል? እነዚህን አራት ጥያቄዎች የመለሰ መሸፈኛ ለይፋት ብቻ ሳይሆን ከአዋሽ እስከ መተማ ላለው የኢትዮጵያ ቆላ ሁሉ ይሆናል።